የመርገም ጎጆ በረሆቮት

ልጄ ኤንባል ቀትር ቀትር ላይ እየመጣች መጸዳጃ ቤቴ ውስጥ መቆለፍ ስትጀምር፣ የጠረጠርኩት ሆዷን ነበር። ቢሉ ሴንተር በሚባለው የገበያ ማዕከል ባለ የልብስ መደብር ውስጥ ትሠራለች፤ እዚያ የሚሸጠውን የተጠበሰ ነገር ሁሉ እየበላች አንጀቷን አቃጥላው ይሆናል አልኩ። የራሷ ቤት ከባቡር ጣቢያው ወዲያ ስለሆነ በምሳ ሰዓት ደርሳ አትመለስም፤ የኛ ሰፈር ኦሺዮት ግን ቅርቧ ነው። ከአውቶቡስ ወርዳ ላብ በላብ ሆና ስትገባ፣ እናት ነኝና ዝም ብዬ አላያትም፤ በትልቁ ብርጭቆ የተበጠበጠ ተልባ እሰጣታለሁ። እሱን ስትጨርስ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ። እሷም የጎንደር ሰው ልጅ ናትና እናቷ የዘረጋችላትን ብርጭቆ አትመልስም፤ ግጥም አድርጋ ጠጥታ ትገባና በሩን ትቆልፋለች። ስትወጣ ፊቷ ጭፍግግ ብሏል።

"እማዬ፣ በቃ፣ ከእንግዲህ አታስጠጪኝ" አለችኝ አንድ ቀን።

"ምነው? መርዝ ጨመርኩበት?"

"አንድ መስመር ብቻ ነው! ዛሬም አንድ መስመር ብቻ!" ብላ እዚያው በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። በእጇ ስንጥር የምታህል ነጭ ነገር ይዛለች።

አስቀምጬ አባበልኳት፤ ቀስ እያልኩም አወጣጣኋት። ኡሪን ካገባች አራት ዓመት አልፏል። ኡሪ ወላጆቹ በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጡ፣ እሱ እዚሁ የተወለደ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ጨዋ ልጅ፣ አማቼ ብዬ የምኮራበት። ልጅ ግን አልመጣላቸውም። ሰርግ በሄድን ቁጥር አንዷ ዘመድ ትነሣና "እህ፣ ኤንባል፣ ገንፎውን መቼ ነው የምንበላው?" ትላታለች፤ እሷ ፈገግ ትላለች፣ እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ። ሐኪሙ ሁለቱንም መርምሮ ምንም እንከን አላገኘም። ጊዜውን ጠብቁ፣ በዚህ ስንጥር ቀኑን እወቁ፣ ካልሆነ ከአዲስ ዓመቱ በዓላት በኋላ በመርፌው እንሞክራለን ብሏቸዋል።

ስንጥሩ የሴት እንቁላል የሚለቀቅበትን ቀን አስቀድሞ ይናገራል። ሽንት ውስጥ ይነከርና ጥቂት ይጠበቃል፤ ሁለተኛው መስመር እንደ መጀመሪያው ከጠቆረ እንቁላሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ይወጣል ማለት ነው። የኤንባል ሁለተኛ መስመር አንድም ቀን ጠቁሮ አያውቅም። መደብሩ ውስጥ እንዳታደርገው መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ሁልጊዜ ሰልፍ አለ፤ ስንጥር ይዛ ስትወጣ ሰው ይያት? እናቷ ቤት መጣች።

"እኔ እንቁላል የለኝም፣ እማዬ። ባዶ ነኝ" አለችኝ። "ከበዓላቱ በኋላም እንዲሁ ከሆነ ኡሪን እለቀዋለሁ። እሱ ልጅ ይወዳል። የእህቱን ልጆች ሲያቅፍ አይተሽዋል?"

አይቼዋለሁ። "ዝም በይ፣ ሁለተኛ ያ ቃል ከአፍሽ አይውጣ!" ብዬ ተቆጣኋት፤ ሲጨንቀኝ መቆጣት ነው የማውቀው።

"ይህስ ከተልባዬ ጋር ምን አገናኘው?" ስላት፣ ከማሸጊያው ውስጥ የወጣውን ወረቀት አነበበችልኝ። እርግዝና የሚታይበት ምርመራ በማለዳ ሽንት ይሠራል፤ ይሄኛው ግን ከረፋድ በኋላ ይሻላል። ደግሞም ከመንከር በፊት ሁለት ሰዓት ያህል ብዙ መጠጣት አይገባም፤ ሽንቱ ይቀጥንና መስመሩን ያደበዝዘዋል። ወይ ጉዴ! ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ይባል የለ? ልጄን ስንት ቀን ሙሉ ውሃ ሳስወቅጣት ከርሜያለሁ። ሳቄ መጣ፣ መያዝ አልቻልኩም፤ እሷም በእንባዋ መካከል ሳቀች።

በሚቀጥለው ወር ብርጭቆዎቼን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ተቀመጥኩ። በዚያ ሙቀት ሰው ቤቴ ገብቶ ከንፈሩ ሳይርስ ሲወጣ ማየት ለኔ ቀላል አልነበረም። ዳቦ ቆሎ ባቀርብላት፣ እሱ ደግሞ ውሃ ያስጠማል ብላ ተወችው። ባሌን ጓንጉልን ነገሩን በሙሉ አልነገርነውም፤ ሐኪም ጋ እንደምትመላለስ ብቻ ነው የሚያውቀው። ከሶፋው ላይ ሆኖ "አይዞሽ ልጄ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ሲላት፣ እኔና እሷ ተያየንና ወጥ ቤት ሮጠን ገባን። ምን እንዳሳቀን እስከ ዛሬ አያውቅም። መስመሩ ግን ያው ነው። አንድ ቀን በስሱ፣ ብዙ እንደታጠበ የነጠላ ጥለት፣ ደብዝዞ ይታያል፤ በማግስቱ ጭራሽ ይጠፋል።

"ለመሆኑ መንከር የምትጀምሪው መቼ ነው?" አልኳት በሦስተኛው ወር፣ ስንጥሩን ከእጇ ተቀብዬ እያገላበጥኩ።

"ከሚቅቬ በኋላ ነዋ።"

"ለምን ከዚያ በኋላ?"

"ከዚያ በፊት ብነክር ምን ይሠራልኛል? ለኡሪ አልተፈቀድኩም።"

እውነቷን ነው። እዚህ አገር ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ ሴት ደም ካየች አምስት ቀን ትቆጥራለች፣ በላዩ ሰባት ንጹሕ ቀን ትጨምራለች፣ ከዚያ ማታ ሚቅቬ፣ የመንጻት ገንዳው፣ ገብታ ውሃው ውስጥ ትጠልቅና ወደ ባሏ ትመለሳለች። ኤንባል ከሰርጓ በፊት ሙሽሮችን ከምታስተምር ሴት ዘንድ ተቀምጣ የተማረችው ይህንኑ ነው፤ አንድም ወር አዛብታው አታውቅም። እኛ ግን በአገራችን የምንቆጥረው ሰባት ብቻ ነበር። ሰባትን ሳስብ ልቤ አገሬ ወገራ ገባ።

መንደራችን ጫፍ ላይ፣ ወደ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ የመርገም ጎጆ ነበረች። መርገም የምንለው የወር አበባን ነው፤ ስሙ ይከብዳል እንጂ ጎጆዋስ የሳቅ ቤት ነበረች። ዙሪያዋን ድንጋይ ተደርድሮላታል። ደም ያየች ሴት የያዘችውን ሥራ ጥላ ወደዚያ ትገባለች። ሰባት ቀን ውሃ መቅዳት የለ፣ ወፍጮ መፍጨት የለ፣ እንጨት መልቀም የለ። ምግባችንን ከድንጋዩ ውጪ አምጥተው፣ ለኛ በተለየው ዕቃ ላይ ገልብጠውልን ይሄዳሉ። ባል አይጣራም፣ አማት አትጮህም። ስፌት እየሰፋን፣ አንዳችን የአንዳችንን ጸጉር እየሠራን እንውላለን። አክስቴ ዋጋዬ እንቆቅልሽ ስትጠይቅ ሆዳችንን ይዘን እንንከባለላለን፤ እሷ የማታውቀው የባሎች ጉድ አልነበረም። የኛ ቤት ሴቶች ወራችን አጭር ነው። ሌሎቹ ገና ሳይመለሱ እኔ ተመልሼ ስገባ "ምነው አስቻለች፣ ጎጆዋ ናፈቀችሽ?" እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። እውነትም ትናፍቀኝ ነበር። አሁንም ትናፍቀኛለች፤ ይህን ስናገር አላፍርም።

አንዲት ሴት ማርገዟን የምናውቀውም በጎጆዋ ነው። ማንም ሄዶ አይጠይቃትም። ቀኗ ደርሶ ቦታዋ ባዶ ሆኖ ሲሰነብት፣ ዋጋዬ ዙሪያውን ቃኘት ታደርግና "ቀረች!" ትላለች። ከዚያ እልልታ ነው፤ እስከ ላይኛው ሰፈር ይሰማል።

በሰባተኛው ቀን ወንዝ እንወርዳለን። ልብሳችንን እናጥባለን፣ እኛም ውሃው ውስጥ ጥልቅ ብለን እንወጣለን፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጀምበር እስክትጠልቅ እንጠብቃለን። ስትጠልቅ ወደ ቤት። ጓንጉል ያኔ ጎረምሳ ነው። እየጠበቀኝ መሆኑ እንዳይታወቅበት ማጭዱን ይዞ ደጃፍ ላይ ይቀመጥና ይስላል። በየወሩ በሰባተኛው ቀን ማታ ማጭድ ይስላል! የሚታጨድ እህል በሌለበት ወር ሳይቀር። ዋጋዬ "የጓንጉል ማጭድ ጢም ይላጫል" ትል ነበር። እኔ ከሩቅ የስለቱን ድምፅ ስሰማ እግሬን አፈጥናለሁ።

እዚህ ስንመጣ ጎጆ የለም። አዲስ የመጣን ሰዎች ባረፍንበት መርካዝ ክሊታ ውስጥ፣ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ሰጡን። ቀኔ ሲደርስ መሄጃ አጥቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ፤ በጥር ብርድ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ አገኘችኝና ጮኸችብኝ፤ እዚህ እንዲህ አይደረግም አለች። ገባሁ። ሰው ሁሉን ይለምዳል። ኤንባል ተወልዳ ትምህርት ቤት ስትገባ ደግሞ፣ ልጆቹ ከየት እንደሰሙት እንጃ፣ ስለ ጎጆዋ ሲስቁባት ውለው እያለቀሰች መጣችና "ኢማ፣ ይህን ነገር ለማንም እንዳታወሪ" አለችኝ። ቤሰደር፣ እሺ አልኳት። ከዚያ ወዲህ አላወራሁም።

"እማዬ፣ እየሰማሽኝ ነው?" አለች ኤንባል።

"እየሰማሁሽ ነው። እኔ በሰባተኛው ቀን ማታ ቤቴ እገባ ነበር" አልኳት። "አንቺ ያን ጊዜ ገና ንጹሑን ቀን መቁጠር መጀመርሽ ነው። ወርሽ እንደኔ አጭር ከሆነ፣ እንቁላልሽ ሚቅቬ እስክትገቢ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብሽ።"

ኤንባል ወረቀቱን ከቦርሳዋ እንደገና አወጣችና በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ወሯ አጭር የሆነ ሴት በሰባተኛው ቀን ገደማ መንከር እንድትጀምር ተጽፏል።

"አንብቤው ነበር" አለች ቀስ ብላ። "አንብቤው፣ ይህ ለኔ አይሆንም ብዬ አለፍኩት።"

በሚቀጥለው ወር ቀደም ብላ ጀመረች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ምንም የለም። አንድ ማክሰኞ ቀትር ላይ ከመጸዳጃ ቤቱ ምንም ሳይሰማ ቆየ፤ ላንኳኳ ስል በሩ ተከፈተ። ሁለት መስመር። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ጠቁሯል። እልልታዬን ለቀቅሁት። ጓንጉል ደንግጦ ከሶፋው ሲነሣ "ኤንባል ደሞዝ ተጨመረላት!" አልኩት፤ "ባሩኽ ሐሼም፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

ኤንባል ስንጥሩን በሁለት እጇ ይዛ "አለኝ፣ እማዬ። አለኝ" ትላለች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። "ሚቅቬዬ ግን ገና ሦስት ሌሊት ይቀረዋል።"

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። እንቁላሉ አለ፣ ባሏ አለ፣ ጤናው አለ፤ በመካከላቸው የተቀመጠው ቁጥር ነው። "ኦሪት ሰባት ይላል!" ብዬ ጮህኩ። "አያትሽ በሰባት ወለደች፣ ቅድመ አያትሽ በሰባት ወለደች። ሱዳን ድረስ በእግሬ የሄድኩት ኦሪትን ይዤ ነው፤ እዚህ ስደርስ አታውቂም አሉኝ፣ እሺ አልኩ። አሁን ደግሞ የልጅ ልጄን ይከለክሉኝ?"

"ሥርዓቱን የምጠብቀው ተገድጄ መሰለሽ?" አለች፤ እሷም የኔው ልጅ ናት፣ መጮህ ታውቅበታለች። "አምኜበት ነው። በያንዳንዱ ወር አምኜበት ነው የቆጠርኩት። አትጩሂብኝ!"

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሳትበላ ወጣች። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ስንጥሩን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ሳየው ዋልኩ። ተቆጥቼ ነበር፣ አዝኜም ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ልጄ ሳትበላ መሄዷ ከነከነኝ።

ኤንባል የምታምነው ራቢ፣ የሃይማኖት መምህር አለ፤ እሱ ጋ ሄደች። ክፉ ሰው አይደለም፣ በደንብ አዳመጣት። እንቁላሉን ጥቂት ቀን የሚያዘገይ ክኒን አለ፣ ሐኪምሽን ጠይቂ፣ በዚህ መንገድ የወለዱ ሴቶች አውቃለሁ አላት። እሷ ሰንበትን ሙሉ ስታስብበት ዋለች። በማግስቱ ከኡሪ ጋር እኛ ቤት መጡ፤ ጓንጉል ወዳጆቹ ዘንድ ወጥቶ ነበር።

"ክኒኑን መዋጥ እችላለሁ" አለች ኤንባል። "ግን እኮ አልታመምኩም። ሰውነቴ ያንቺ ነው፣ የአያቴ ነው፤ በራሱ ጊዜ ይሠራል። እሱን ከማዘገየው የናንተን ቁጥር ልቁጠር ብዬ አሰብኩ… ኡሪ፣ አንተ ተናገር።"

ኡሪ ሲናገር አያበዛም። መሬት መሬቱን እያየ "እማማ" አለኝ፤ "የእናቴም እናት፣ የእርስዎም እናት በሰባት ቆጥረው ነው የወለዱት። እኛ የነሱ ልጆች ነን። እነሱ ንጹሕ ካልነበሩ እኛ ምንድን ነን?"

አሁን ደግሞ የፈራሁት እኔ ሆንኩ። ያ ሁሉ ጩኸት የት እንደገባ አላውቅም። "ራቢውስ ምን አለ? ኃጢአቱ በኔ እንዳይሆን፣ ልጄ።"

"ነገርኩት። 'እንዲህ አድርጊ አልልሽም' አለኝ። 'የእናቶችሽን መንገድ ግን ኃጢአት ነው ለማለት አፌ አይደፍርም።'" ከዚያ በሕይወቷ ትጠይቀኛለች ብዬ ያላሰብኩትን ጠየቀችኝ። "እማዬ፣ ጎጆዋ ምን ትመስል ነበር?"

ቀኗ ሲደርስ ትንሽ ሻንጣ ይዛ መጣች። በረንዳ ያላትን ክፍል ሰጠኋት። ቀን ቀን ሥራዋን ትሄዳለች፤ አለቃዋን ጎጆ ገብቻለሁ ብትላት ምን ትል ይሆን? ማታ ማታ ግን እዚያ ናት። ለሷ ብቻ አዲስ ሳህን ገዛሁ። በሩ ላይ ወንበር አስቀምጬ ምግቧን እዚያ አኖርላታለሁ፤ እጅ ለእጅ አንቀባበልም። ዕቃ አታጥብም፣ ልብስ አትተኩስም። ጓንጉልን ማስረዳት አላስፈለገኝም። ሳህኑን ወንበሩ ላይ ያየ ዕለት ቆም አለና፣ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ እንደ ወገራ ሰው ዞር ብሎ በሌላው በኩል አለፈ።

እኔ ከበሩ ወዲህ፣ እሷ ከበሩ ወዲያ ተቀምጠን አወራን። የዋጋዬን እንቆቅልሾች ጠየቅኋት፤ አንዱንም አላወቀችም። አገር ስጪኝ ስላት ረሆቮትን ሰጠችኝ፣ ቴል አቪቭን ሰጠችኝ፣ ኢየሩሳሌምን ግን ሞቼ ነው ቆሜ አለች። የባሎቹን ጉድ ስነግራት አባቷ እንዳይሰማ ትራሱን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። በሳምንቱ መካከል ደክሟት ገባችና፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ምንም ሳትሠራ፣ እግሯን በረንዳው ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። "ለካ ይህ ነበር" አለች። አዎ፣ ይህ ነበር። ጸጉሯን ልሠራላት እጄን በላኝ፤ ግን ንጹሕ ሰው አይነካትምና እጄን ሰበሰብኩ።

"ይህን ሁሉ ለምን አልነገርሽኝም?" አለችኝ።

"አታውሪ አልሽኝ እኮ።"

አንገቷን ደፋች። "ልጅ ነበርኩ፣ እማዬ።"

"አውቃለሁ። ብይ አሁን፣ ምግቡ ሳይቀዘቅዝ።"

ረሆቮት ወንዝ የላትም። ስለዚህ በሰባተኛው ቀን ኡሪ በመኪናው ወደ ፓልማሂም ባሕር ወሰደን። እሱ መኪና ማቆሚያው ላይ ቀረ፤ እኛ አሸዋ አሸዋውን ይዘን ሰው ወደሌለበት ሄድን። ኤንባል ልብሷን አጥባ ገባች፤ ውሃው ወገቧ ሲደርስ ዞር ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ጠለቀች። አንዲት ጸጉር እንኳ ከላይ እንዳትቀር እኔ አየሁላት። "ደግመሽ!" ስላት ደገመች። ወጥታ ነጭ ቀሚስ ለብሳ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ገና አልነካኋትም። ጀምበሯ ባሕሩ ላይ ቁጭ አለች፣ ግማሽ ሆነች፣ ጠፋች። ያን ጊዜ እጄን ዘርግቼ እርጥብ ጸጉሯን ያዝኩ። እዚያው አሸዋው ላይ ሹሩባ ሠራኋት፤ አሸዋና ጨው ጣቴ ላይ እየቀረ፣ እንባዬም እየወረደ። ዋጋዬን አሰብኳት፣ ወንዛችንን አሰብኩት። ያን ሁሉ ዓመት ብቻዬን ስናፍቀው የኖርኩትን ነገር ልጄ አብራኝ ያየችው ያን ዕለት ነው።

ስንመለስ ኡሪ በጉልበቱ ተንበርክኮ የመኪናውን ጎማ ይዳስሳል።

"ነፋሱ ቀንሷል እንዴ?" አልኩት።

"አይ፣ እንዲያው ላረጋግጥ ብዬ ነው፣ እማማ" አለ፣ ዓይኑን ከኤንባል ላይ ሳያነሣ። እጁ በጎማ ጥላሸት ጠቁሯል፤ አራቱንም ሳይፈትሽ አልቀረም። ቤት እስክንደርስ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ብቻዬን ሳቅሁ። ምን ሆነሽ ነው ስትለኝ ለኤንባል የአባቷን ማጭድ ነገር ነገርኳት። ኡሪ መሪውን እንደያዘ ጆሮው ሁሉ አፈረ።

ከሁለት ቀን በኋላ ቀትር ላይ መጣች። ብርጭቆ አላነሣሁም። ሁለት መስመር፣ ጥቁር። ስንጥሩን መዳፌ ላይ አስቀምጣ፣ ጉንጬን ስማ "ያላ፣ ወደ ባሌ ልደውል" ብላ እየሳቀች ወጣች። የዚያን ዕለት ማንም የሚከለክላት አልነበረም።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ስለ ነገሩ አልጠየቅኋትም፣ እሷም አላነሣችው። ሰንበት ላይ ሲመጡ ፊቷን ሰርቄ አያለሁ፤ ምንም አይነበብበትም። በዓላቱ ደረሱ፣ ሐኪሙ ያለው ጊዜም አብሮ ደረሰ። ያ "እለቀዋለሁ" ያለችው ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። ቀኗ ሲቃረብ የበረንዳዋን ክፍል ጠረግኩ፣ አንሶላ ቀየርኩ፣ ሳህኗን በሩ ላይ ባለው ወንበር ደፍቼ አኖርኩ። ልታለቅስ ከመጣችም እዚህ ታልቅስ አልኩ።

ቀኗ ደረሰ፤ አልመጣችም። ስልኩ አጠገቤ ነው፤ እጄ ስንቴ ሄዶ ስንቴ ተመለሰ። አልደወልኩም። ማንም ሄዶ አይጠይቃትም። በማግስቱም አልመጣችም። ከደረጃው በኩል የእግር ኮቴ በተሰማ ቁጥር በሩን አያለሁ፤ የጎረቤት ነው። በሳምንቱ መጨረሻም አንሶላው እንደተነጠፈ፣ ሳህኑ እንደተደፋ ነው።

ጓንጉል ከወዳጆቹ ዘንድ ገባና የክፍሏ በር ላይ ቆመ። አልጋውን አየ፣ ሳህኑን አየ፣ ወደኔ ዞረ።

"ቀረች?" አለኝ።

"ቀረች።"

ኮፍያውን አውልቆ ወጥ ቤት ገባ። ትንሽ ቆይቶ ሽቅ፣ ሽቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሄጄ ሳይ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ የሽንኩርት ቢላዬን በሲኒ ቂጥ ይስላል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እልል ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩና ስሎ እስኪጨርስ ጠበቅሁት።